የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች መልሶ ማልማት ጥናት

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ያካሄደው ጥናት ሲሆን የመጨረሻ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ወጣ። ስለ ሀገሪቱ አፈር ከተሰጡ ማስጠንቀቂያዎች በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ጥናቱ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው መሬት በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚሸረሸር ገመተ። ከ2 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት እህል የማብቀል ተስፋው ያከተመ ነው አለ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም እ.ኤ.አ. በ2010 በ38,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ አፈሩ አልቆ አለቱ እንደሚያፈጥ ተነበየ። ሪፖርቱ የወጣው በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ማግስት ነበርና ሰሚ አላጣም።

ይበልጥ አስተማሪው ግን በየተዳፋቱ የተለካው ነው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ ጎርፍና ደለሉን ይለካ ነበር። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ደጋግሞ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፣ በየቦታውም በከብት ይረገጣል፤ ዘሩ የሚጣለው ደግሞ ክረምቱ ሲበረታ ነው። ቡቃያው መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ባሉት ሳምንታት አፈሩ ራቁቱን ዝናብ ይቀበላል። ብዙው ጉዳት የሚደርሰውም ያኔ እንደሆነ ልኬቱ አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ለዓለም ባንክ የጻፉት ቦዮና ካሰልስ የጥናቱን ግምት ከለሱት። ከአንዱ ማሳ የታጠበ አፈር ሁሉ ወንዝ አይገባም፤ ከፊሉ ታች ያለው ማሳ ላይ ይተኛል። ለምርት መቀነስ ከሽርሸራው ይልቅ ለማገዶ የሚነደው ኩበትና ከማሳ የሚወሰደው የሰብል ተረፈ ምርት ቅርብ ምክንያት እንደሆነም አስረዱ። ትችቱ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም አፈሩ ተሸርሽሮ የሳሳበት የላይኛው ማሳ ባለቤት በታችኛው ደለል አይጠቀምም።

በደርግ ዘመን በዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል እየተከፈለ ብዙ እርከን ተሠራ፣ ችግኝም ተተከለ። መሬቱ የኔ ነው ለማለት ዋስትና ያልነበረው ገበሬ ሥራውን እንደ መንግሥት ሥራ ስላየው ሥርዓቱ ሲላላና በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ ዛፉም ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. ለ2010 የተተነበየው የአለት ምድር በተባለው ስፋት አልታየም፤ የእህል ምርትም በእነዚያ አሥርት ዓመታት ውስጥ ጨመረ። ከደርግ ውድቀት ወዲህ በበጋ ወራት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ዛሬም ቀጥሏል።