ከቴምብር እስከ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ

በየክፍሉ ደብተሩን በሥዕል የሚሞላ ተማሪ አይጠፋም። መምህሩ ይቆጡታል፤ ወላጆቹም «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ይሉታል። እንጀራ የሆነለት እንደሆነም ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ለማስታወቂያና ለገበያ ሲሥል የኖረ እጅ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ለመሣል ይበቃልን? ለዚህ ጥያቄ ታሪክ ሁለት ምስክሮች ያቀርብልናል፤ አንዱ ከአሜሪካ፣ ሁለተኛው ካገራችን ነው።

የአሜሪካው ምስክር ዋርነር ሳልማን ይባላል። በቺካጎ ከተማ ለነጋዴዎች ማስታወቂያ እየሣለ የሚኖር ሰው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ለአንድ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ሽፋን የክርስቶስን መልክ በከሰል ነደፈ፤ በ1940 ደግሞ ያንኑ መልክ በዘይት ቀለም ሣለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥዕሉ በትንንሽ ካርድ እየታተመ ለወታደሮች ታደለ። ከዚያም ወዲህ ከ500 ሚሊዮን ጊዜ በላይ እንደታተመ ይነገርለታል። የማስታወቂያ ሥራ ያስተማረው ብልሃት ጠቅሞታል፤ ሥዕሉ ያየው ሰው ሁሉ ወዲያው የሚያውቀው ሆነ። ሆኖም ሠዓሊው የሰጠው መልክ የወገኖቹን መልክ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ በዓለም በተሠራጨ ቁጥር፣ ብዙ ሰው የክርስቶስን መልክ የአውሮፓ ሰው መልክ ብቻ አድርጎ እንዲያስብ አድርጓል ተብሎ ይነቀፋል። የእጅ ብልሃት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ምስክራችን ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። በልጅነታቸው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947፣ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ተሰጥኦዋቸው ግን ወደ ሥዕል ሳባቸው፤ በለንደን ከተማም በታወቀው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1954 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከዚያ ትርኢት ያገኙትን ገንዘብ ይዘው ሁለት ዓመት ያህል በአውሮፓ ተዘዋወሩ እንጂ የድሎት ኑሮ አልጀመሩበትም። በዚያም ባለቀለም የመስኮት መስተዋት አሠራር ተማሩ። ከዚህም በላይ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ባለሥዕል የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መረመሩ። ገበያው የሰጣቸውን ገንዘብ የአባቶቻቸውን ጥበብ ለመማር አዋሉት።

ይህ ነገር እኛን የወሎን ልጆች በተለይ ይነካናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ብዙ የብራና መጻሕፍት ከአምባው ወሰደ። ከነዚህም 350 ያህሉ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ፤ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እንግዲህ አፈወርቅ በለንደን ያገላበጡት ስብስብ ከወሎ ምድር የተወሰዱት መጻሕፍት የሚገኙበት ነው። የኢትዮጵያ ልጅ የአባቶቹን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ሆኖበት ነበር። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ዕውቀቱ ተመልሶ መምጣቱ ግን ያጽናናል።

በብራናውና በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕል የጥንት ሠዓሊዎቻችን ሥርዓት ይታያል። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኖቹ ጎልተው እንዲታዩ አድርገው ይሥላሉ። ክፉውን ግን አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ በጎን ይሥሉታል። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ቅዱሱን ከከሐዲው ይለያል።

አፈወርቅ ከአውሮፓ ሲመለሱ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል በግድግዳ ሥዕልና በሞዛይክ እንዲያስጌጡ ታዘዙ። ይህ ቤተ ክርስቲያን የዓድዋን ድል ተከትሎ የታነጸ፣ በጠላት ወረራም ጊዜ የተቃጠለ ነው። በዚያ ላይ መሥራት ቁስልን እንደ መጠገን ይቆጠራል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚያሳየው ሥዕላቸው ደግሞ በትግራይ በአዲግራት ካቴድራል ይገኛል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ባለቀለም የመስተዋት ሥራቸው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ያፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግልና ተስፋ ይተርካል።

ይኸው እጅ ግን ትንሹን ሥራ አልናቀም። የፖስታ ቴምብር፣ የማስታወቂያ ሥዕል፣ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር ነድፏል። ካቴድራሉን ለማየት አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል፤ ቴምብር ግን በደብዳቤ ላይ ተለጥፎ ገጠር ድረስ ይደርሳል። ትልቁን ሥዕል ሊያይ ያልቻለ ሰው በጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ ያገሩን ጥበብ ያያል።

አፈወርቅ ተክሌ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ሕይወታቸው በመግቢያችን ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። እጅን የሚያከብረውም የሚያዋርደውም የቀጠረው ሰው ማንነት አይደለም። ከአባቶቹ ለመማር የፈቀደ፣ ቴምብሩንም ግድግዳውንም በእኩል ትጋት የሠራ እጅ ለሁሉም ይበቃል።

ስለዚህ ውድ ወላጆችና መምህራን፣ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሥለውን ልጅ ከመቆጣታችሁ በፊት ሥዕሉን አንድ ጊዜ ተመልከቱለት። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ሥዕላችሁ የተሸጠ ቀን ከገንዘቡ ጥቂቱን ለትምህርት አስቀሩ። በየአካባቢያችሁ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ በመስጊዱ ጌጥ፣ በእናቶቻችሁም ስፌት ላይ ያለውን ጥበብ ቀርባችሁ መርምሩ። አፈወርቅ ለንደን ድረስ ሄደው የፈለጉት ጥበብ ለእናንተ በደጃችሁ ነው።