ስለ ሁለት ዓይነት ግልባጭ አጭር ጥናት

ግልባጭ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህንን ለማስረዳት በይፋት በኩል ከምትገኘው ከማጀቴ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የማጀቴ ነጋዴ የዱቤ ደንበኞቹን ስም በደብተር፣ የእያንዳንዱን ዕዳ ግን በልዩ ልዩ ወረቀት ጽፎ ያኖራል እንበል። ልጁ ደብተሩን ብቻ ቢገለብጥ ስሙን አገኘ እንጂ ዕዳውን አላገኘም። ሁለቱም ደብተሮች የሚያመለክቱት እነዚያኑ ወረቀቶች ስለ ሆነ፣ አንዱ ወረቀት ቢጠፋ ለሁለቱም ጠፋ ማለት ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋም «ኮፒ» የተባለው ትእዛዝ እንዲሁ ላዩን ብቻ ሲገለብጥ፣ «ዲፕኮፒ» የተባለው ግን በውስጥ ያሉትንም አንድ በአንድ ይገለብጣል።

ይህ ልዩነት በአገራችን ታሪክ ከኮምፒዩተር በፊት የታየ ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዷቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት ይገኝ ነበር። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ሲጠይቁ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በውስጡ እንደሚገኝ፣ ያለ እርሱም ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው ገልጸዋል። የተፈለገው ታሪኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጸሐፊ ከሌላ ቅጂ ሊገለብጠው ይችል ነበር። ከታሪኩ ጋር የተያያዘው የስም መዝገብ ግን በቀላሉ የሚተካ አልነበረም። የብሪታንያ ሙዚየም ሁለት ቅጂዎች ስለ ነበሩት አንዱን መለሰ።

የወንጌል መጻሕፍትም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በባዶ ገጻቸውና በኅዳጋቸው የጉልት ስጦታና የንብረት ዝርዝር ይጻፍባቸዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ለዚህ ምስክር ነው። ለሌላ ደብር ወንጌሉን የሚገለብጥ ጸሐፊ ቃሉን ይወስዳል እንጂ የዚያን ደብር ርስት አይወስድም፤ ለእርሱ ሥራ ያ በቂ ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ግን አይበቃም።

በ1966 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የጀመሩት የማይክሮፊልም ሥራ ይህንን ጉድለት ብዙ አቃልሏል፤ ከ9,000 የማያንሱ መጻሕፍት ከነኅዳጋቸው ተነሥተዋልና። ቢሆንም ፊልም የብራናውን ዓይነትና የስፌቱን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ አይገለብጥም።

እንግዲህ በይፋት አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚነሣ ተማሪ ከዋናው ጽሑፍ ሌላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል፣ ኅዳጉንም ሁሉ እንዲያነሣ አደራ እንላለን። መጽሐፉ የተቃጠለ ወይም የጠፋ ዕለት፣ ቃሉ ከሌላ ደብር ይገኛል፤ የሰዎቹ ስምና የመሬታቸው ወሰን ግን ከዚያ በቀር የትም አይገኝም።