የቤተሰብ ሐኪሙ ፊርማ፤ የእንግሊዝ አገር የአእምሮ ሕመም ሕግ ታሪክ

የእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ሐኪም ብዙ ወረቀት ይፈርማል። የመድኃኒት ማዘዣ፥ የሕመም ፈቃድ፥ የሞት ማስረጃ ሁሉ በእጁ ያልፋል። ከእነዚህ መካከል ግን አንዱ በጠባዩ ይለያል፤ ይኸውም ወንጀል ያልሠራን ሰው ያለ ፈቃዱ ከቤቱ አስወጥቶ በሆስፒታል የሚያስቀምጠው ነው። የዚህ ፊርማ ታሪክ የሙያ ባልደረቦቻችንን ሊያሳስብ የሚገባ ስለ መሰለን ባጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1890 የወጣው የእብደት ሕግ መሠረቱ ጥርጣሬ ነበር። ሀብት የፈለጉ ዘመዶች ጤነኛውን ሰው እብድ ነው ብለው እንዳያስዘጉት ተፈርቶ፥ በመደበኛው ሥርዓት ዳኛ ካላዘዘ በቀር ማንም ሰው በእብዶች መጠበቂያ ቤት እንዳይገባ ተወሰነ። ከአቤቱታው ጋር የሁለት ሐኪሞች ምስክርነት ይያያዝ ነበር፤ ከሁለቱም አንዱ፥ የሚቻል ሲሆን፥ በሽተኛውን ዘወትር የሚያክመው ሐኪም እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ሐኪሙም ራሱ ያየውን ከሌላ ሰው ከሰማው ለይቶ መጻፍ ነበረበት። ይህች ድንጋጌ ትንሽ ብትመስልም በጸሐፊው አስተያየት ከሕጉ ሁሉ የተሻለችው እርሷ ናት፤ የዘመድ ክስና የሐኪም ምርመራ በአንድ መስመር ከተቀላቀሉ በሽተኛው በምን ይከላከላል?

ሆኖም በሽተኛውን የጠበቀው ሕግ ሐኪሙን አስፈራው። ሃርኔት የተባለ ገበሬ ከ1912 እስከ 1921 ዘጠኝ ዓመት ያህል ተዘግቶበት ከኖረ በኋላ ሐኪሞችን ከሰሰ፤ በ1924 ጁሪው 25,000 ፓውንድ ካሣ ፈረደለት። ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ። የተከሰሱትም አንዱ የመንግሥት ተቆጣጣሪ፥ ሌላው የመጠበቂያ ቤቱ ኀላፊ እንጂ የቤተሰብ ሐኪሞች አልነበሩም። ይሁን እንጂ ወሬው ብዙ ሐኪሞችን ከመፈረም አሸማቀቃቸው። ስለዚህ የ1930 ሕግ በቅን ልቡናና በተገቢ ጥንቃቄ የፈረመ ሐኪም እንዳይጠየቅ ደነገገ፤ ከሳሹም አስቀድሞ የከፍተኛውን ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ አስገደደው። ይኸው ሕግ በሽተኛው በገዛ ፈቃዱ እንዲታከም በር መክፈቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ያገኘው ዋስትና የበሽተኛውን የፍርድ ቤት በር ማጥበቡ ሊካድ አይገባም።

ትልቁ ለውጥ በ1959 መጣ። የአእምሮ ሕመም እንደ ሌላው ሕመም ይታይ በሚል አሳብ የዳኛው ትእዛዝ ቀረና የቅርብ ዘመድ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሹም ማመልከቻ፥ ከሁለት ሐኪሞች ምክር ጋር፥ በቂ ሆነ። ለምርመራ 28 ቀን፥ ለሕክምና እስከ አንድ ዓመት ማቆየት ተፈቀደ። በሽተኛውም አቤት የሚልበት መርማሪ ጉባኤ ተቋቋመለት። ቀድሞ ዳኛው ከደጅ ነበረ፤ አሁን ግን ሰውየው ከገባ በኋላ የሚጠራ ሆነ። የ1983 ሕግ አንዱን ዓመት ወደ ስድስት ወር አወረደው፤ ከሦስት ወር በኋላም ያለ በሽተኛው ፈቃድ መድኃኒት ለመስጠት የሌላ ገለልተኛ ሐኪም አስተያየት እንዲጠየቅ አዘዘ።

በእነዚህ ሕጎች ሁሉ በሽተኛውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሐኪም ተፈላጊ ሆኖ ቆይቷል። ከባዱም ነገር ይህ ነው። ሐኪሙ የሰውየውን ቤት፥ ጠባይና ያለፈ ሕመም ስለሚያውቅ ምስክርነቱ ከእንግዳ ሰው ምስክርነት ይበልጣል። ያው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ደም ግፊቱን የሚያስለካው፥ ልጁን የሚያሳክመው ወደዚያው ሐኪም ተመልሶ ነው፤ ማን እንደ ፈረመበትም ያውቃል። ሐኪሙ ይህን ፈርቶ «ሌላ ይፈርም» ቢል፥ በሌሊት የሚጠራው ሰውየውን ከዚያች ሰዓት በፊት አይቶት የማያውቅ ሐኪም ሊሆን ይችላል። «የሚቻል ሲሆን» የምትለዋ የ1890 ቃል ይህንንም ትፈቅዳለች።