አባ ተስፋ ጽዮን፦ ከደብረ ሊባኖስ እስከ ሮማ

በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ጥናት አጀማመር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሰዋስው ጽፏል፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል፤ የኢትዮጵያን ታሪክ አሳትሟል። ምስጋናው አይበዛበትም። ይሁንና እርሱ ከመወለዱ ከሰባ ዓመት በፊት ግእዝን ሮማ ላይ ያስተማሩና ያሳተሙ አንድ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ፤ አባ ተስፋ ጽዮን። ጣልያኖች «ፍራ ፒዬትሮ ኢንዲያኖ» ይሏቸው ነበር፤ ያኔ ለአውሮፓውያን ሐበሻና ህንድ ገና አልተለየም።

አባ ተስፋ ጽዮን ሮማ ሲደርሱ ባዶ ቤት አልጠበቃቸውም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ነበር። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የሚመጡ መነኮሳት ያድሩበታል፤ በግእዝ ይቀድሱበታል። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ይህን ዜማ ሰምቶ ልቡ ተነካ፤ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ተምሮም በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ፖትከን ግን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ሰየመው፤ ስሕተቱም ለአያሌ ዓመታት አልተነቀለም።

አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ከኢየሩሳሌም ሮማ የገቡት በ1530ዎቹ ነው። በዚያው ዘመን ሀገር ቤት የግራኝ አህመድ ጦርነት እየተፋፋመ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ በ1531 ተቃጥሏል። በእጅ እየተጻፈ በብራና ለሚኖር ሥነ ጽሑፍ የገዳም መቃጠል የመጻሕፍት ቤት መቃጠል ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በስደት ሳሉ ማተሚያ ቤት ደጅ መጥናታቸው ከዚህ ተነጥሎ አይታይም። የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 3ኛ ድጋፍ ሰጧቸው፤ እርሳቸውም በሮማ ጥላ ሥር ሆነው ቅዳሴያቸውን በግእዝ ይዘው ቆዩ።

በ1548 እና 1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ወጣ። ሥራው ዛሬ በቀላሉ የሚገመት አይደለም። 26ቱ ፊደላት በሰባቱ ቤት ሲዘረዘሩ 182 ቅርጽ ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋሉ። እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል ለቅመው የሚደረድሩት የአታሚዎቹ የዶሪኮ ወንድማማቾች ሠራተኞች ደግሞ ግእዝ አያነቡም። መነኮሳቱም ኅትመት አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህንኑ በመጽሐፉ መጨረሻ በግልጽ ጽፈው ስለ ግድፈቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ሌላም ችግር ነበር፤ በእጃቸው ያለው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎደሎ ስለሆነ አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ እየተረጎሙ ሞሉት። በ1657 የወጣው የለንደኑ ባለብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ የሮማ ኅትመት መልሶ አተመ። ስለዚህ አውሮፓ ለረጅም ዘመን «የኢትዮጵያ ሐዲስ ኪዳን» ብላ ያነበበችው፣ በከፊል ስደተኞቹ ሮማ ላይ ያሟሉትን ጽሑፍ ነበር።

በዚያው ሐዲስ ኪዳን ቅዳሴና የፊደል ገበታ ገብተውበታል። በ1549 ደግሞ የጥምቀቱና የቅዳሴው ሥርዐት በላቲን ታተመ። የሐበሾችን ክርስትና በጥርጣሬ ለሚያይ አውሮፓዊ፣ የሚጸልዩትን በሚያውቀው ቋንቋ ከማቅረብ የተሻለ መልስ አልነበረም።

መምህርነታቸውም ፍሬ አፍርቷል። ደቀ መዝሙራቸው ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የግእዝ ሰዋስው አሳተመ። አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ዓመት፣ ዕድሜያቸው ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ ቲቮሊ ላይ ዐረፉ። ከኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ከኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ጋር ይተዋወቁ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ ስለሚላከው ተልእኮም ተመካክረዋል። ኢየሱሳውያኑ በ1557 ኢትዮጵያ ገቡ። ተልእኮው ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደም አፋስሶ፣ በዐፄ ፋሲለደስ አባራሪነት ተደመደመ። ሮማ ላይ በመማማር የተጀመረው ግንኙነት ሀገር ቤት ሲደርስ የሥልጣን ጥያቄ ሆነ።

ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ አብረው ከተሰደዱት ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የትውልድ ቦታቸው አምሐራ፣ መካነ ሥላሴ ነው። ሉዶልፍ ያገኛቸው በ1649 እዚያው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነው። በ1652 ወደ ጎታ ተጠርተው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀምጠው አስተማሩት፤ በ1658 ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ በ1691 ባሳተመው የታሪክ ማብራሪያ ምስላቸውን አስገብቷል። በ1698 የወጡት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም ያለ እርሳቸው አይታሰቡም።

የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ታሪክ በዚያ አላበቃም፤ በ1919 የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሆነ፤ በኋላም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ አዲስ ሕንፃ ተሠራለት። ከቶማስ እስከ ጎርጎርዮስ ያለውን ሐረግ ስንከተል የምናየው አንድ ነው፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ላይ የተጻፈው የደቀ መዝሙሩ ስም ቢሆንም ዕውቀቱ የመጣው ከመምህራኑ ነው። የአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት ታሪክ ከሉዶልፍ ሲጀመር ያስተማሩት ይረሳሉ፤ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ሲጀመር ግን አስተማሪና ተማሪ በየቦታቸው ይቀመጣሉ።