ከእራፊ እስከ ዝማኔ፦ የኮምፒዩተር ደኅንነት ጥገና ስያሜዎች ታሪክ

1. መነሻ

ኮምፒዩተርን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓተ ክወና የሰው ሥራ ስለሆነ ስሕተት አያጣውም። ከስሕተቶቹም አንዳንዶቹ ባዕድ እጅ ሊገባባቸው የሚችል ክፍተት ይሆናሉ። ሠሪው ድርጅት ክፍተቱን ሲያውቅ የሚደፍነውን አጭር የፕሮግራም ክፍል አዘጋጅቶ ለተጠቃሚዎች ያድላል። ለዚህ ነገር አማርኛ ገና አንድ ስም አላጸናለትም። ማሻሻያ፣ ማዘመኛ፣ ዝማኔ፣ ጥገና የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ እየገቡ ይሠራባቸዋል፤ በንግግር ደግሞ «አፕዴት ማድረግ» ሁሉንም ጠቅልሎ ይዟል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስያሜዎቹን አመጣጥ መመርመርና የመደበላለቃቸውን ጉዳት በአንድ የታወቀ ታሪክ ማስረዳት ነው።

2. የፅንሰ ሐሳቡ አመጣጥ

እንግሊዝኛው «ፓች» የሚለው ቃል መጀመሪያ የእውነት እራፊ ነበር። በ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተተከለው ማርክ አንድ የተባለው መሣሪያ ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነው። ያለ ቦታው የተበሳ ቀዳዳ ሲገኝ ቁራጭ ወረቀት ይለጠፍበታል። ከዚያም በኋላ ፕሮግራም የሚሸጡ ድርጅቶች እርማቱን በጥብጣብ ወይም በካርድ ይልኩ ነበር፤ ተቀባዩም የተሳሳተውን ክፍል ቆርጦ አዲሱን ይቀጥልበታል። ጥብጣቡ ሲቀር ስሙ ብቻ ቀረ።

ማይክሮሶፍት በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ ጥገናዎቹን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ የማውጣት ልማድ ጀመረ። ጥገና መውጣቱ ብቻውን ግን አያድንም። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ድርጅቱ በዊንዶውስ ውስጥ ለተገኘ አንድ ክፍተት መድፈኛ አውጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ተባይ በዚያው ክፍተት ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ። ተባዩ የገባባቸው መድፈኛውን ያልጫኑትና ዘመናቸው ያለፈ እትሞችን የያዙት ናቸው።

3. የጎዳናው ምሳሌ

አዲስ የጥገና ሙያ ሲመጣ ቋንቋችን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ መመልከት ይበቃል። በመንገዱ ዳር የተለመዱት ጎማ፣ ጎሚስታና ካላማዳሪ ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ግሶቹ ግን የአገር ናቸው፤ ጎማ ይተነፍሳል፣ ካላማዳሪ ይበሳል፣ ቀዳዳውም ይለጠፋል። ስሙ ከዕቃው ጋር ገባ፤ ድርጊቱን ግን ባለሙያው በራሱ ቃል ገለጸው። በኮምፒዩተር ዘንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። «አፕዴት ማድረግ» ሲባል ድርጊቱ ራሱ በባዕድ ቃል ተነግሮ «ማድረግ» የሚለው ደጋፊ ሆኖ ብቻ ቀርቷል፤ ስለዚህ ተናጋሪው የሚያደርገውን ነገር ከቃሉ ሊረዳ አይችልም። በአዳማና በአካባቢው ከተሞች አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ ጉዳዩ የአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ማደስ ማለት የሆነው የኦሮምኛው ሃሮምሱ ከአማርኛው ማዘመን ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ አለው።

4. ሐሰተኛው ማሻሻያ

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በተከበረው የእሬቻ በዓል ላይ የብዙ ሰው ሕይወት አለፈ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መስከረም 24 ቀን፣ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትዎርክ ዋና ሥራ አስኪያጅ ለነበሩት ለጃዋር መሐመድ አንድ የኢሜይል መልእክት ደረሳቸው። መልእክቱ ቪዲዮ እንዲያዩ ይጋብዛል፤ ትክክለኛው የአዶቤ ፍላሽ እትም ከሌላቸውም አዲሱን የሚያወርዱበትን አድራሻ ይሰጣል። እሳቸውም መልእክቱን በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ሲትዝን ላብ ላኩት። የምርምር ተቋሙ ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ማሻሻያ የተባለው ነገር ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ፕሮግራም እንደነበረ ገለጸ፤ የአንቀሳቃሾቹም ዱካ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያመለክት አስታወቀ።

ለቃል መርማሪ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ዘገባው እንዳመለከተው መሣሪያው የሥርዓተ ክወናን ክፍተት አልተጠቀመም። በሩን የከፈተለት «ማሻሻያ» የሚለው ስም ያተረፈው አመኔታ ነው። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የትኛውም የፕሮግራም ጥገና አይደፍነውም። ሊያግዝ የሚችለው፣ በሥርዓቱ በራሱ መንገድ የሚመጣውን ጥገና በደብዳቤ ከሚላክ «አዲስ እትም» የሚለይ የጠራ ቃል ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም በአንድ ቃል ከጠራቸው ለአታላዩ ያመቻችለታል።

5. የሕጉ ድርሻ

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአንዳንድ ፅንሰ ሐሳቦች ስም አውጥቷል። ያለፈቃድ ወደ ሥርዓት መግባትን «ሕገወጥ ደራሽነት»፣ በመተላለፍ ላይ ያለን መረጃ መጥለፍን «ሕገወጥ ጠለፋ» ይላቸዋል። በዕለት ንግግር ግን «ጠለፋ» ሁለቱንም ይሸፍናል። ተርጓሚ የሕግና የቴክኒክ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ይህን ልዩነት መጠበቅ ይኖርበታል።

6. የስያሜ ሐሳብ

ሀ. ክፍተትና ተጋላጭነት፦ ክፍተት በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ጉድለት ነው። ተጋላጭነት ደግሞ ጉድለቱን ሳይደፍን የቀረው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ያለበት ሁኔታ ነው። በዋናክራይ ጊዜ ክፍተቱ የሁሉም ነበር፤ ተጋላጭነቱ ግን የቸልተኛውና የአቅመ ቢሱ ሆነ።

ለ. መጠገኛ፦ ለፓች «እራፊ» ለታሪኩ የቀረበ ቃል ነው፤ ነገር ግን ድሪቶንና ድህነትን ያስታውሳል፣ ስፌቱም የታየ እንደሆነ ይቀራል። ጠገነ የሚለው ግስ ግን የተሰበረ አጥንትን ወደ ቦታው ከሚመልሰው ከወጌሻ ሙያ ጋር የተዋወቀ ስለሆነ «የደኅንነት መጠገኛ» ይሻላል።

ሐ. ዝማኔ፦ ከዘመን የወጣ፣ በስልክና በኮምፒዩተር የአማርኛ ገጾች ላይ የተለመደ ቃል ነው። አዲስ ነገር የሚጨምረውንም ጉድለት የሚደፍነውንም ስለሚያጠቃልል ለአጠቃላዩ ስም ይበቃል። መጠገኛ የዝማኔ አንዱ ዓይነት ይሁን።

መ. ብዝበዛ፦ ክፍተትን ለጥቃት መጠቀምን በዚህ ቃል መተርጎም አይገባም። የላብ ብዝበዛ በሚለው ትርጉሙ በአብዮቱ ዘመን ስለጸና አንባቢን ያስታል፤ «በክፍተት መግባት» ማለት ይበቃል።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። የሚመዘኑትም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ባላቸው ውበት ብቻ መሆን የለበትም። አንድ የአዳማ ነጋዴ በስልኩ መስታወት ላይ ማሳሰቢያ ሲያይ ይጫን ወይስ ይተው የሚለውን ለመወሰን ቃሉ ሊረዳው ይገባል።