ጦጣዋ ኪቦርድ ስትቀጠቅጥ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፤ ሶፍትዌር የምትሠሩ ብዙዎቻችሁ ማታ ተኝታችሁ ኮምፒውተሩ ብቻውን ሲተይብ፣ ሲያጠፋ፣ ቅጽ ሲሞላ ያድራል። ጠዋት ስትነሡ «ሁሉም አልፏል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ይጠብቃችኋል። ግን ይህ በሌሊት የሚተይበው እጅ ከየት መጣ? የሰው እጅስ ምን ያህል ይመስላል? እስቲ ታሪኩን ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. 1983 ነው። አፕል ውስጥ ጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ለማድረስ ይሯሯጣሉ። የማሽኑ ሜሞሪ 128 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም። ማክራይትና ማክፔይንት የተባሉት ፕሮግራሞች እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጨናንቀው ነው የሚሠሩት። ሜሞሪው ሲያልቅባቸው ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ደግሞ ሰው ተቀምጦ ለሰዓታት መነካካት ነበረበት።

ስቲቭ ካፕስ የተባለው ፕሮግራመር አንድ ነገር አየ። ሲስተሙ ውስጥ የማውስና የኪቦርድ ድርጊቶችን ቀድቶ መልሶ ማጫወት የሚያስችል መግቢያ ነበር፤ የተሠራው ማሽኑን ለአዲስ ገዢ ለሚያስተዋውቀው ማሳያ ነው። ካፕስ በዚያው መግቢያ የተቀዳ ሳይሆን በዘፈቀደ የተፈጠረ ድርጊት ላከበት። ማንም ሳይነካው ቀስቱ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል፣ ፊደል ይዘንባል፣ ሜኑ ይከፈታል ይዘጋል። ስሙን «ጦጣ» አሉት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጦጣዋ ስትነካካ ስትነካካ «ውጣ» የሚለውን ትእዛዝ ትመታና ፕሮግራሙ ይዘጋል። ፈተናው እዚያው አበቃ! ቢል አትኪንሰን መላ አመጣ፦ ጦጣዋ ሥራ ላይ መሆኗን የሚናገር ትንሽ ምልክት ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፕሮግራሞቹም ምልክቱን ሲያዩ መውጫቸውን ይዝጉ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ መሥራት ቻለች።

ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ የሚነካው ሰው አለመሆኑን አውቆ ጠባዩን ለወጠ ማለት ነው። ይህቺ ነገር እስከ ዛሬ ትከተለናለች።

እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ፣ ቶትዎርክስ በተባለ ድርጅት ጄሰን ሀጊንስ ሴሌኒየምን ጀመረ። ብራውዘሩ ውስጥ ገብቶ በጃቫስክሪፕት ገጹን የሚነካካ መሣሪያ ነበር። ብራውዘር ግን በስክሪፕት የተፈጠረን የቁልፍ ድርጊት ከእውነተኛው ይለየዋል። ስክሪፕቱ «የኤ ቁልፍ ተጫነ» ብሎ ቢያውጅ ገጹ ወሬውን ይሰማል እንጂ ሳጥኑ ውስጥ ፊደሉ አይጻፍም። ፋይል በሚመረጥበት ሳጥን ውስጥማ ስክሪፕት የፋይል ስም መጻፉ ጭራሽ ክልክል ነው። ክልከላው ደግሞ ትክክል ነው፤ ባይኖር ኖሮ ማንኛውም ገጽ ሳታውቁ ፋይላችሁን ይወስድ ነበር።

ሳይመን ስቱዋርት በዌብድራይቨር ሌላ መንገድ ሄደ፦ ብራውዘሩን ከውጭ ሆኖ ማዘዝ፣ ሲቻልም ቁልፉን በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በኩል መላክ። ሁለቱ ተዋሕደው እ.ኤ.አ. በ2011 ሴሌኒየም 2 ወጣ። በ2018 ደግሞ ዌብድራይቨር የድረ ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው ተቋም ጸደቀ። የውሸቱ እጅ ወደ እውነተኛው በጣም ተጠጋ።

ለእኛ ፊደል ግን ገና ነው። ለምን?

በድምፅ በሚሠራው የአማርኛ ኪቦርድ «ሰላም» ለማለት ጣታችሁ አምስት ቁልፍ ይነካል። መጀመሪያ «ስ» ትመጣለች፣ ቀጥላ «ሰ» ትሆናለች፤ «ል» ትመጣና «ላ» ትሆናለች፤ መጨረሻ «ም»። ፈተና ስንጽፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሰላም»ን አብስለን፣ ሦስት ፊደል አድርገን እንልካለን። መንገድ ላይ የነበሩት «ስ» እና «ል» እኮ አልተወለዱም! ስለዚህ የፍለጋ ሳጥኑ በ«ስ» ተቻኩሎ ፍለጋ ቢጀምር ፈተናው አያየውም። የፊደል ገደብ ያለበት ቅጽ «ሞልቷል» ብሎ የመጨረሻዋን ፊደል እንዳትለወጥ ቢያግዳትም አያየውም። አበበ ስሙን ጽፎ «አበብ» ሆኖ ይመዘገባል፤ የእኛ ምልክት ግን አረንጓዴ ነው። በኋላ መታወቂያውና መዝገቡ አልገጥም ሲሉት የሚመላለሰው ማን ነው? አበበ ነው።

የምትሠሩ ልጆች፣ አደራ፦ የአማርኛ ኪቦርዱ ገጹ ውስጥ ካለ አምስቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ ላኩ። ኪቦርዱ የስልኩ ወይም የኮምፒውተሩ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ በገዛ ጣታችሁ፣ በእውነተኛ ስልክ ሞክሩት። አረንጓዴው ምልክት የሚነግራችሁ የውሸቱ እጅ እንዳለፈ ብቻ ነው።

ለመሆኑ አማርኛ ስትጽፉ ፊደል የሚበላ ሳጥን ገጥሟችሁ ያውቃል? በየትኛው ኪቦርድ እንደሆነ ጨምራችሁ ከታች ጻፉልኝ።