ለቅሶ፣ ዕድርና የከተማ ኑሮ

በየዓመቱ በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፣ ከቀብር የቀረ አባል ቅጣቱን ከፍሎ ይለፍ ወይስ ደጋግሞ ሲቀር ከመዝገብ ይሰረዝ? የሚለው ነው። አንጋፋዎቹ አባሎቻችን «ዕድር ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ወግ ነው፤ በገንዘብ አይለወጥም» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ጀሞ አድሮ ቦሌ የሚሠራ ሰው በቀትር ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀብር ድረስ ቢባል በምን እግሩ ይድረስ?» ይላሉ። ክርክሩ ሞቅ ይልና ሰዓቱ ይሄዳል፤ ውሳኔው ለከርሞ ይተላለፋል። እኛም ለዘንድሮው መጽሔት ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው፣ ለአንዱ ወገን ከመፍረድ በፊት ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ማየቱ ይሻላል ብለን ነው። ታሪኩ ሲታይ አንጋፋዎቹ እንደሚሉትም፣ ወጣቶቹ እንደሚያስቡትም አይደለምና።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ዕድር እንደ ተዝካርና እንደ ሰንበቴ ጥንታዊ አለመሆኑ ነው። በገጠር ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው ጎረቤት፣ ሬሳ የሚሸከመው ዘመድ፣ ለሐዘንተኛው እንጀራና ወጥ ይዞ የሚመጣው የአጥቢያው ሰው ነው። ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ ስም የሚጠራ የለም፤ የቀረውን ሁሉም ያውቀዋላ! መዝገብ የሚያስፈልገው ሰው ከሰው በማይተዋወቅበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ከተማ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሰፈሮቿ በየመኳንንቱ ስም የሚጠሩ ነበሩ፤ ሰውም በየጌታው ዙሪያ ተሰባስቦ ይኖር ነበር። እየቆየ ግን ለቀን ሥራ፣ ለንግድና ለዕደ ጥበብ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው በዛ። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ መምጣቱም መሄዱም ቀለለ። ይህ አዲስ መጤ ጉልበት አለው፣ ምናልባትም ትንሽ ገንዘብ አለው፤ ዘመድ ግን የለውም። ታዲያ በሰው አገር ቢሞት ማን ያነሣዋል? በዚያን ጊዜ የነበረው ትልቁ የከተማ ሥጋት ይኸው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ሲገባ ከተማዋ ሬሳ የሚያነሣ እስክታጣ ድረስ ሰው ረገፈ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው የዚያ መታሰቢያ ነው። ዕድር ከዚያ በሽታ ተወለደ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ያን ያየ ትውልድ ቀባሪ ማጣት ማለት ምን እንደ ሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም።

ጉዳዩን ያጠኑ ምሁራን ዕድር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ እንደ ታየ፣ በመጀመሪያዎቹ ውስጥም ከጉራጌ አገር የመጡ ሠራተኞችና ነጋዴዎች እንደሚገኙ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ እንደ ተስፋፋ ይጽፋሉ። በ1928 ዓ.ም. የገባው ጠላት ነጭና ጥቁር ሠፈር ለይቶ፣ ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ አዲስ ከተማ ሲያወርደው፣ ሕዝቡም ከነባር መንደሩ ተነቀለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ጭፍጨፋ ደግሞ ስንቱ ያለ ቀባሪ ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ የማይተዋወቁ ሰዎች መተማመኛ ቢፈልጉ ምን ይገርማል?

ያገኙት መተማመኛ እንግዲህ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ልብ በሉ። መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ ደረሰኝ፣ ማኅተም፣ የስም ጥሪና ቅጣት አለው። ይህ ሁሉ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት የተወሰደ ነው። ዕድር የለቅሶ ልጅ የሆነውን ያህል የጽሕፈት ቤትም ልጅ ነው። ትልቁ ቁም ነገሩ ደግሞ ዘር ሳይቆጥር፣ ሃይማኖት ሳይለይ፣ በር ለበር የሚኖረውን ሁሉ አንድ መዝገብ ላይ ማስፈሩ ነው። ክርስቲያኑ ኮልፌ የሙስሊም መቃብር፣ ሙስሊሙ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ ጎረቤቱን የሚሸኘው በዚህ ነው። የዘመድ ዕድርና የአገር ልጅ ዕድርም ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ የሠፈር ዕድር ግን የከተማ ሰው ለራሱ የፈጠረው ነገር ነው።

ከድል በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤቱንና መሥሪያ ቤቱን ሲያስፋፋ የመሥሪያ ቤት ዕድር መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ማኅበሮች ደነገገ። ከቀብር አልፈው ያሰቡም ነበሩ፤ በ1950ዎቹ ከጉራጌ አገር የመጡ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ማስወጣታቸው የታወቀ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ሲታወጅ የትንንሽ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ ቤቱም ቀበሌ እጅ ገባ። ቀበሌው የሠፈሩን ጉዳይ ሁሉ ስለ ያዘው የዕድር ሥራ ወደ ቀብሩ ብቻ ጠበበ ይባላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ኪራዩ እዚያው ቆሞ በመቅረቱ ተከራዩ የገባበትን ቤት አለቀቀም። አንድ ሰው በአንድ ጎጆ ሠላሳ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ኖረ፤ ልጆቹንም እዚያው ዳረ። አንጋፋዎቻችን «የዱሮ ዕድር» እያሉ የሚናፍቁት ይህን ዘመን ነው። ያ ሁሉ መተዋወቅና መቀራረብ ከወጉ ጥንታዊነት ብቻ ሳይሆን ከቀበሌ ቤት ርካሽነትም የመጣ ነው። ቤቶቹ ግን እየፈረሱ ነበር፤ ይህም መዘንጋት የለበትም።

ዘመኑን ስናነሣ 1969ና 1970 ዓ.ም.ን ዘልለን አናልፍም። በቀይ ሽብር ልጁ የተገደለበት ወላጅ ድንኳን መጣል ይቅርና ድምፁን አውጥቶ ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ ተከልክሎ ነበር። ጥሩንባ አልተነፋም። ለቅሶ ለመድረስ ተብሎ የተቋቋመ ማኅበር ለቅሶ መድረስ ያልቻለበት ጊዜ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤት በማታ በጓሮ በር ገብቶ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይወጣ እንደ ነበር ከእናቶቻችን ሰምተናል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጉዳይ እንምጣ፤ የክርክራችን ሥር እዚህ ነውና። በዱሮው ለቅሶ ሐዘንተኛው ፊቱን ይነጫል፣ ደረቱን ይመታል፣ አልቃሽ ታወርዳለች፤ ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ በየተራው ይታሰባል። ጊዜው የተለካው በዝናብና በአዝመራ ለሚኖር ሰው ነው። የደመወዝተኛው ጊዜ ግን በሕግ ተለክቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት የ1985ቱና የ1996ቱ አዋጆችም እንዲሁ ሦስት ቀን ነበር የሰጡት። እንግዲህ ሠልስቱ ከሕጉ ጋር ሲገጥም ሰባቱ ውጭ ቀረ። ዛሬ ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን የሚነሣው ሰው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ በአራተኛው ቀን ፈርሞ ሥራ መግባት ስላለበት ነው። ይህ ለሐዘንተኛው ለራሱ ነው። ለጎረቤት ሐዘን ፈቃድ የሚሰጥ አለቃማ ከየት ይገኛል?

ከዚህም ላይ ስለ ሴቶቹ አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ ነውር ነው። ወንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ ካርታ ሲጫወትም ያመሻል። እንጀራ የሚጋግሩት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ ሳህን የሚያጥቡት፣ ሐዘንተኛዋን ይዘው የሚያድሩት ሴቶች ናቸው። የሴቶች ዕድር ለብቻው የቆመውም ሥራው ለብቻው ስለ ነበረ ነው። አሁን ሴቲቱም ቢሮ ትውላለች፤ ከቀረች ትቀጣለች፣ ከሄደች ከደመወዟ ይቆረጣል። መውጫ ያጣችው የቤት ሠራተኛዋን በስሟ ትልካለች። በስም ጥሪው «አለሁ» የምትለው ሟቹን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ልጅ ናት። ይህን ማጭበርበር ብለው የሚናደዱ አሉ፤ እኛ ግን መጀመሪያ የሚገባው ቁጣ ሳይሆን ደንቡን ማየት ነው እንላለን።

ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ በኤድስ የታመሙ ሰዎች በአገራችን መታየት ሲጀምሩ፣ በኋላም ሞቱ ሲበዛ ዕድሮች ሌላ ፈተና ገጠማቸው። ለሽማግሌ ሞት የተሰላ መዋጮ ለወጣት ሞት አልበቃም። አንዳንድ ዕድሮች ገንዘቡን ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ከማውጣት ይልቅ በሽተኛን መጠየቅ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር ጫናው ቀለለ።

የእኛን ዘመን ፈተና ያመጣው ግን በሽታ አይደለም፤ ቤት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀምሮ በዕጣ ሲታደል፣ አሮጌ ሠፈሮችም ለመልሶ ማልማት ሲነሡ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ኮየ ፈጬ ደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲነሡ ደግሞ የብዙ ዕድር አባል በጥቂት ሳምንት ተበተነ። ሰው መታጠቢያ ቤትና የራሱ በር አገኘ፤ በዚህ ማንም አይከፋም። ሆኖም አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲሞት ሣጥኑን በዚያ በጠባብ ደረጃ ማውረድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የተሸከመ ያውቀዋል። ድንኳኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ይተከላል። ንድፉን የሠሩት ሰዎች ለዕርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል፤ የጋራ የሆነ ለቅሶ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ አይሠራም። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን ሁለት ዕድር እንከፍላለን፤ አንዱ ለሚያውቁን፣ አንዱ ለሚቀርቡን። ሁለት መዋጮ፣ ሁለት ቅጣት!

ጥሩንባውም እንዲሁ። ለፋፊው ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስም የሚጠራበት ድምፅ ከአራተኛ ፎቅ አይሰማም። በሬዲዮ ማስነገር መጣ፤ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ ከዚያ ቴሌግራም፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መዋጮው በቴሌብር ይገባል። ለገንዘብ ያዣችን ዕረፍት ነው። መርዶ ግን ተበላሸ። ዱሮ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ዛሬ ልጅ የአባቱን ሞት ታክሲ ውስጥ ከስልኩ ላይ ያነባል። በባሕር ማዶ ያሉትማ ይህን በደንብ ያውቁታል። በዋሺንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን እንደ አያቶቻችን በሰው አገር ቀባሪ ማጣትን ፈርተው የመረዳጃ ማኅበር አቁመዋል። በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩት እኅቶቻችን ግን መሰብሰቢያ እንኳ የላቸውም፤ ሬሳቸው በሣጥን ሲመጣ ነው ሠፈሩ የሚሰማው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ መሰብሰብ በአዋጅ ሲከለከል፣ የቀባሪውም ቁጥር ሲወሰን፣ ያለ ሰው መቅበር ምን እንደሚመስል ሁላችንም አየን። ያኔ ገንዘቡ አልጎደለም፤ የዕድር ገንዘብ በሰዓቱ ለቤተሰቡ ደርሷል። የጎደለው ምን እንደ ነበር ያዘነ ሁሉ ይመሰክራል። ቅጣቱን ከፍዬ ልለፍ የሚለውን አሳብ እንዳለ ለመቀበል የምንቸገረው ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል ዕድር ሲመሠረት ጀምሮ በየዘመኑ ኑሮ ልክ የተሰፋ ስለሆነ፣ ደንቡን መንካት አያት ቅድመ አያትን መድፈር ነው የሚለውንም አንቀበልም።

ኮሚቴው ያዘጋጀው ማሻሻያ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሥራ ላይ ያለ አባል ከቀብር ቢቀር አይቀጣም፤ ነገር ግን በሦስቱ ቀን ውስጥ በአንዱ ማታ ራሱ ተገኝቶ ለሐዘንተኛው ቤት ይቀመጣል፤ በሠራተኛ መወከል አይፈቀድም። የወጥ ቤቱ ሥራ በወንድና በሴት አባላት ተራ ይወጣለታል። ከሠፈር የለቀቁ አባላት በየሚኖሩበት አካባቢ ተቧድነው በቅርባቸው የሚደርሰውን ለቅሶ ይይዛሉ፤ ለዚህም ከደረጃና ከመኪና ማቆሚያ የሚስማማ አንድ አነስተኛ ድንኳን ይገዛል። ረቂቁ ከጸሐፊው ዘንድ ስለሚገኝ አስተያየት ያላችሁ አባላት ከጠቅላላ ስብሰባው በፊት በጽሑፍ ብትሰጡን እንወዳለን።